ከአባቴ በስተግራ ያለው ወንበር

የማታምኑኝ ከሆነ አትመኑኝ። ወንድሜም አላመነኝም፤ ለምጄዋለሁ።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የደረሰው። የምርመራው ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ቀኑ ማክሰኞ ነው... ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ። ግብፅ፣ ዘቃዚቅ ከተማ፣ የአንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ከታች ፉል ሻጩ ይጮኻል።

እዚያ ነው ያየሁት... ማለቴ፣ ያላየሁት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነሽዋ እባላለሁ። ነርስ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ አንድ ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አስቀምጬ እጠይቃለሁ። ዛሬ ቀኑ ማን ነው? የት ነው ያለነው? እነዚህን አምስት ቃላት ያዙልኝ፣ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ። ሰዓት ይሣሉልኝ።

ጠቅላላው ከሠላሳ ይታረማል። በእኛ ክፍል ከሃያ አራት በታች ያመጣ ሰው የመርሳት ሕመም ተጠርጥሮ ይመረመራል፣ መድኃኒት ይጀመርለታል፣ ብቻውን እንዳይኖር ለቤተሰቡ ይጻፋል።

ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል? ኑና ሞክሩት!

ችግሩ ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ቤተሰቡ ነው። አንድ ሰው ለማስመርመር ስድስት ሰው ይገባል። "ሐጂ፣ ስንት ልጅ አለዎት?" እላለሁ፤ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ምራቱ "አራት!" ትላለች። እሷን ሳስወጣት ልጁ በበሩ ስንጥቅ በጣቱ ያሳያል። አንዷ በሳል ትነግራለች። አንዱ የአባቱን ጉልበት በጉልበቱ ይነካል። አባታቸው ሠላሳ ከሠላሳ ካላመጣ የጎረቤት መሳቂያ የሚሆኑ ይመስላቸዋል። የትምህርት ቤት ፈተና መሰላቸው እኮ!

ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው። ተመርማሪ ብቻውን ይገባል፣ አስታማሚ ውጭ።

ከዚህ ሁሉ ዓመት ጭቅጭቅ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ራሱ ሲያስታውስ ዓይኑ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መሬት ይሄዳል። ሲነገረው ግን... አንገቱ ወደሚነግረው ሰው ዘንበል ይላል። በጣም ትንሽ ናት፣ የአንድ ጣት ያህል። እኔን ግን በእሷ ማንም ሸውዶኝ አያውቅም።

እንግዲህ አባቴ...

አባቴ ሐጂ ራጊብ ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ምልክት ሰጪ ነበር። ጡረታ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤቱ ከባቡር ማቋረጫው መቶ እርምጃ አይርቅም። እኛም ያደግነው እዚያው ነው፤ የሻይ ብርጭቆ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባቡር መጣ እያልን።

እናቴ ሰኒያ የካቲት ላይ ሞተች። አባቴ ብቻውን ቀረ። ነገሩ የጀመረው ያኔ ነው።

ቡታጋዙን ከፍቶ ክብሪት ፍለጋ ይወጣና ሱቅ በር ላይ ለምን እንደመጣ ይረሳል። ፉሉን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ልብሱ እስኪሸት ያቆየዋል። እኔን "እህቴ" ይለኛል። ይሄ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው... ንጋት ላይ የድሮ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሐዲዱ መሃል መቆሙ ነው። ሥራ ገባሁ ብሎ።

የማቋረጫው ጥበቃ ሸሓታ ሁለት ጊዜ ጎትቶ አወጣው። ሸሓታ ከላይኛው ግብፅ ተዛውሮ ገና መምጣቱ ነው፤ የሰፈሩን ሰው በቅጡ አያውቅም። አባቴን ግን ወዶ ሳይሆን ተገድዶ አወቀው።

"ሲስተር" አለኝ በስልክ፣ "ሁለት ጊዜ ደርሼለታለሁ። ሦስተኛውን እንጃ። ቁርጡን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ሮጬ ወደ ታላቅ ወንድሜ ሄድኩ። ረእፈት ይባላል፤ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ አለው። አባዬ እኔ ቤት ይግባ አልኩት።

"አባታችን ምን ሆነ? ከኔ የተሻለ ያስታውሳል እኮ!"

"ሐዲድ ላይ ቆሞ ነው የተገኘው ረእፈት!"

"ሥራው ነበር። ናፍቆት ነው።"

"ናፍቆት?"

"አንቺ በሽተኛ ስታዪ ትውያለሽ፣ ማታ ጤነኛው ሁሉ በሽተኛ ይመስልሻል። እማዬ ዓመቷ ሳይሞላ ሰውዬውን ከቤቱ ልታፈናቅዪው? ወረቀት አምጪ። ዶክተር 'ታሟል' ብሎ ከፈረመ፣ እኔው ራሴ በጀርባዬ አዝዬ አመጣልሻለሁ።"

አባቴም ከሱ ብሶ ቁጭ አለ። "ከቤቴ በሴት ልጅ ቃል አልወጣም" አለ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ወረቀት አምጪ። እሺ። ወረቀት የኔ ሥራ አይደል?

አንድ ወረቀት እንዲህ የሚያስለቅስ መሆኑን ያን ቀን አላወቅኩም ነበር።

ጥቅምት ላይ አመጣሁት። የራስን አባት መመርመር በእኛ ክፍል ነውር ስለሆነ የክፍላችን ሐኪም ዶክተር ላቢብ ራሱ ጠየቀው። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ... እንደ ማንኛዋም አስታማሚ።

ሃያ ደቂቃ ቆየ። በሩ ተከፈተና ዶክተሩ እየሳቀ ወጣ።

"ሲስተር ነሽዋ፣ አባትሽ ብረት ነው! ሃያ ስምንት!"

"ስንት?"

"ከሠላሳ ሃያ ስምንት። ወሩን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ባባ... ግባና በሩን ዝጋ!' አያቴን አስታወሰኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።"

ዶክተር ላቢብ ክርስቲያን ነው። ባባ፣ ሃቱር፣ ኪያህክ የሚሏቸው የድሮ ወሮች ለእሱ የቤተ ክርስቲያኑ ወሮች ናቸው፤ ለገበሬዎቻችን ደግሞ የዘርና የአጨዳ። ባባ ሲገባ ብርድ ይመጣልና ግባና በሩን ዝጋ ይላሉ።

አባቴ ግን የባቡር ሰው ነው። በእነዚህ ወሮች ቆጥሮ አያውቅም። እንዲያውም ይሳለቅ ነበር። "ባቡሩ በኪያህክ ደረሰ ብዬ መዝገብ ላይ ልጻፍ?" ይል ነበር።

ይህን የሚላት እናቴን ነው።

እናቴ የገጠር ልጅ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ወሩን በባባና በሃቱር፣ ሰዓቱን በሶላት ነበር የምታውቀው።

ያን ቀን ግን አላስተዋልኩትም። ንዴት ላይ ነበርኩ። ረእፈት ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጎ አነበበና፣ "አንቺ ብትጠየቂ ሃያ ስምንት ታመጫለሽ?" አለኝ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አራት ቦታ አጠፈና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ኅዳር ገባ። የጉም ወቅት።

አንድ ንጋት ሸሓታ እንደገና አባቴን ሐዲዱ ላይ አገኘው። ሊያወጣው ሲታገል አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ! "ዶክተር ፈርሟል! ሃያ ስምንት! ጤነኛ ነኝ፣ ልቀቀኝ!" እያለ ጉም ውስጥ ያነብለታል። ሸሓታ ወገቡን ይዞ አብሮት ወደቀ። ባቡሩ በክንድ ርቀት አለፈ።

ለማዳን ብዬ ያስጻፍኩት ወረቀት ሊያስገድለው ነው። ለረእፈት ነገርኩት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ለዶክተር ላቢብ ነገርኩት። "እንደገና እንጠይቀው፣ ሌላ ቃላት አዘጋጃለሁ" አለ።

"እኔም ልግባ" አልኩት።

"አንቺ አይደለሽ አስታማሚ ውጭ የምትዪው?"

"ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ትንፍሽ አልልም።"

ተራችንን ስንጠብቅ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠናል። ቦርሳዬን ከአባቴ በስተግራ ባለው ክፍት ቦታ አስቀመጥኩ። ፊት ለፊታችን አንዲት አሮጊት ታካሚ ነበረች። የወለደችውን ልጅ ካላወቀች ወራት አልፏታል። አፍጥጣ አየችኝ።

"ቦርሳሽን አንሺ" አለችኝ።

"ምን አሉኝ እናቴ?"

"ሴትዮዋ ጭን ላይ ነው እኮ የጣልሽው። አንሺ! ነውር አይደለም እንዴ?"

ልጇ አፈረ። "ሲስተር፣ መቼም ታውቂያታለሽ..." አለኝ።

ቦርሳዬን አነሣሁ። ለምን እንዳነሣሁ አላውቅም።

አሮጊቷ ፈገግ አለች። "አሁን ተመቸሽ?" አለች።

ለእኔ አልነበረም።

ገባን። አባቴ ጠረጴዛው ፊት፣ ዶክተሩ ከማዶ፣ እኔ ጥግ። ከአባቴ በስተግራ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ሁልጊዜም እዚያው ነው ያለው።

"ሐጂ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?"

የአባቴ አንገት... ወደ ግራ ዘንበል አለ። የአንድ ጣት ያህል።

"ማክሰኞ።"

"ወሩስ?"

ዘንበል።

"ሃቱር።"

"የት ነው ያለነው?"

ዘንበል... ራሱን ነቀነቀ። እሺ እንደሚል ሰው።

"ሆስፒታል። ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል።"

ዶክተሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ በአሳንሰር ነው የወጣው። በደረጃው ጉልበቷን ስታማርር የኖረችው... ሌላ ሰው ናት።

ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ሲቀንስ ጭራሽ ትንፋሽ አልወሰደም። "ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት።" አባቴ በቁጥር እንዲህ ፈጣን አልነበረም። እናቴ ግን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ የዳክዬ እንቁላል ትሸጥ ነበር፤ በቁጥር የሚቀድማት አልነበረም።

"አሁን ሰዓት ይሣሉልኝ" አለ ዶክተሩ።

አባቴ እስክሪብቶውን ያዘ። ዘንበል አለ። ጠበቀ... ቆይቶ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

"ይሄን እንኳ እሷም አትችለው።"

ዶክተሩ ቀና አለ። "ማን?"

"ምን ማን?"

"'እሷ' ያሉኝ ማንን ነው ሐጂ?"

አባቴ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ፈገግ አለ።

ሃያ አምስት አመጣ። የሚነገረውን ሁሉ አገኘ፤ የሚሣለውን ሁሉ ጣለ።

"ዓይኑ ሞራ አለበት፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ሥዕሉን ለዚያ ነው የጣለው" አለኝ ዶክተሩ በኋላ። "ከመስመሩ በላይ ነው ነሽዋ። ምን ላድርግ? ልዋሽ?"

"ሰው እየነገረው ነው ዶክተር።"

"ማን?"

እንዴት ብዬ ልንገረው? አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበት ክፍል ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዴት ብዬ?

አባቴ አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖር ለጥያቄ ራሱ መልሶ አያውቅም። ልማዱ ነው። የደም ዓይነቱን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የልጆቹን ዕድሜ... እናቴ ናት የምትመልስለት። የጡረታው ቢሮ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ተናደደና "ሰውዬው ዲዳ ነው?" አላት።

"ኧረ አይደለም" አለችው። "እኔ አለሁለት።"

ያን ሌሊት ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይበልጥ ያብከነከነኝ ግን ፍርሃቱ አይደለም። ንዴቱ ነው! ሙታን ይመጣሉ ቢባል፣ እሺ ይምጡ። ግን መጥታ ባሏን ልታስገድል? ከድጡ ወደ ማጡ!

ታኅሣሥ ላይ ረእፈት የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ። "ይሄ ሦስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ አባቴን እንደ ዕቃ አታንከራትቺውም። ካለፈ፣ አለፈ። ቤቱ ይኖራል፣ አንቺም አፍሽን ትዘጊያለሽ። እኔም እመጣለሁ፣ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።"

ዶክተር ላቢብም ሰልችቶታል። "በቃ አንቺው ጠይቂው" አለኝ። "ነውሩን እኔ እወስዳለሁ። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን እፈርማለሁ።"

ማክሰኞ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ።

በሩን ዘጋሁ። ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ባዶውን ወንበር ላለማየት ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ።

"ሐጂ ራጊብ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?"

ዘንበል።

"ማክሰኞ።"

"ወሩስ?"

ዘንበል... ይሄኛው ረዘም አለ። እንደ በፊቱ ቶሎ አልመጣለትም።

"ኪያህክ" አለ። ሳይጠየቅም ጨመረበት። "ጠዋትህ ማታህ ነው።"

በኪያህክ ቀኑ ስለሚያጥር እናቴ በየዓመቱ የምትላት አባባል ናት። ድምፁ የአባቴ ነው።

አምስቱን ቃላት ሰጠሁት። መስኮት፣ ዝናብ፣ ግመል፣ ቁልፍ፣ ምንጣፍ። አምስት ደቂቃ ሌላ ሌላ ጠየቅኩት። ሁሉንም መለሰ። በዚህ አያያዙ ያልፋል። ያልፍና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል... ነገ ንጋት ደግሞ ጉም አለ።

"ቅድም የሰጠሁዎትን ቃላት ይንገሩኝ" አልኩት።

አንገቱ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ።

አልቻልኩም።

ከወንበሬ ተነሥቼ ባዶው ወንበር ፊት ተንበረከክኩ።

"እማዬ" አልኩ በሹክሹክታ። "አትንገሪው።"

"ነሽዋ?" አለ ዶክተሩ።

"እማዬ በአላህ፣ ለአንድ ጊዜ ዝም በይ። አንቺ በነገርሽው ቁጥር ጤነኛ ነው ይሉታል። ጤነኛ ነው ባሉት ቁጥር ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ባቡሩ ይገድለዋል። ተይው... ይውደቅ።"

ወንበሩ ያው ባዶ ወንበር ነው። ደሜ ፈላ። ለቅሶና ጩኸት አንድ ላይ መጡብኝ።

"አርባ ስድስት ዓመት መለስሽለት እኮ! አይበቃም?!"

ከታች የፉል ሻጩ ድምፅ እንኳ የጠፋ መሰለኝ።

ዓይኔን ጠርጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ። "ቃላቱን... ሐጂ።"

ዘንበል አለ።

ጠበቀ።

ጠበቀ...

"ሰኒያ?" አለ።

ዶክተር ላቢብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሰኒያ፣ ምነው ዝም አልሽ?"

የአባቴን ፊት አልረሳውም። ገበያ መሃል የእናቱን ቀሚስ የለቀቀ ሕፃን ፊት ነበር።

አንድም ቃል አላመጣም። የቀረውን ጠየቅኩት፣ ምንም። ቅድም የመለሰውን መልሼ ጠየቅኩት፤ ቀኑን አያውቅም፣ ከተማውን አያውቅም። ከሠላሳው ሰባት ጻፍኩ። ሰባቷን ሰርዤ እንደገና ጻፍኳት።

ወረቀቱን ልሰበስብ ስል አባቴ እንደገና ዘንበል አለ። ማንም አልጠየቀውም። ብዙ ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለማያውቃት እንግዳ እንደሚናገር ሰው በትሕትና ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ፣ ይቅርታሽን። ባለቤቴ 'ይቺ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን ናት?' ትላለች።"

እጁን ያዝኩት።

"ነሽዋ ናት በላት። ልጅሽ ናት በላት።"

ወደ ግራው ተጠግቶ ነገራት። ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ጆሮው ለከበደው ሰው እንደሚነገረው። "ነሽዋ ናት። ልጃችን ናት።"

ሰማ። ወደ እኔ ዞረ።

"አላወቀችሽም" አለኝ።

ዶክተር ላቢብ ፈረመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስለዚያች ደቂቃ እስከ ዛሬ አንሥተን አናውቅም።

እሺ ብላኝ ነው ዝም ያለችው? ወይስ... እሷም እየረሳች ነው? የሞተ ሰው ይረሳል እንዴ? ማንን ልጠይቅ? ይሄን የሚመልስ ዶክተር የለ።

ረእፈት "ሰባት" የሚለውን አነበበ። ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታውኑ አባቴን ከነሻንጣው ቤቴ አመጣው። አሸነፍኩ ማለት ነው። ደስ ያለኝ መሰላችሁ?

አባቴ እኔ ቤት ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ያጎረስኩትን ይበላል፣ ያለበስኩትን ይለብሳል። አንዳንዴ ወደ ግራው ዞር ይልና ይጠብቃል። ማንም የለም። ይመለሳል።

ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ብርቱካን እየላጥኩለት ስልኬ ጮኸ። ሸሓታ ነው። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

"ሲስተር... አባትሽ የት ነው?"

"አጠገቤ ነው። ምነው?"

"አልሐምዱሊላህ። እሱን ፍለጋ የመጣች መስሎኝ ነው..."

"ማን?"

"አንዲት እናት። ጥቁር የለበሰች። ሐዲዱ መሃል በባዶ እግሯ ቆማለች። 'ራጊብን የት ወሰዳችሁት? አምጡልኝ' ትላለች።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"ጎትታት ሸሓታ! አውጣት!"

"እጄን ሰደድኩ እኮ... ሲስተር፣ እንዴት ልበልሽ? እይዛታለሁ፣ ግን አልያዝኳትም።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ስሟን ብጠይቃት አታውቀውም። 'ስሜን እሱ ነው የሚያውቀው' ትላለች። 'እሱ በስሜ ይጥራኝና እመጣለሁ' ትላለች።"

"ሰኒያ በላት! ሰኒያ ብለህ ጥራት!"

ሲጠራት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

"አልዞረችም" አለኝ። "'የማን ስም ነው?' ትላለች። ሲስተር ፍጠኚ፣ ባቡሩ ደርሷል!"

ሸሓታን ስልኩን ወደ እሷ እንዲዘረጋ ነግሬው፣ የኔን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ አባቴ አፍ ጋ አስጠጋሁት።

"አባዬ፣ ጥራት! እማዬን ጥራት! ሰኒያ በል!"

አባቴ ወደ ግራው ዘንበል አለ። ጠበቀ። የሚነግረው የለም።

"ሰኒያ በል አባዬ! ሰኒያ!"

በትሕትና ፈገግ አለልኝ።

"ሰኒያ ማን ናት ልጄ?"

ሸሓታ በስልኩ ውስጥ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰማችው..." አለ።

ከዚያ የባቡሩ ጡሩምባ መጣ። ረጅም ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ ቤቴ ከሐዲዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ይርቃል።

አባቴ ጡሩምባውን ሲሰማ ብድግ አለ። የጎበጠ ወገቡ ቀና አለ። ዓይኑ ጠራ። ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ ዘርግቶ፣ መዳፉን ከፍቶ፣ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ያዘው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለባቡር ነጂዎች ሲሰጥ የኖረው ምልክት ነው።

ሐዲዱ ባዶ ነው... እለፍ።